ያለጊዜዋ ክርስትና የተነሳችው ድንጋይ

ቴሌስኮፕ ያለበት ከተማ ሁሉ ደመናን እንደ ግል ጠላቱ የሚቆጥር አንድ ሰው አያጣም። ለእኛዋ ትንሽ የስሎቫኪያ ከተማ የደረሷት ክቡር የሰማይ ዘበኛ ጡረተኛው የጥርስ ሐኪም፣ አጎት ቬንደሊን ናቸው።

በሥራ ዘመናቸው አፌን እንዳስከፈቱኝ «ሰማዩ ጠራ! ጠራ!» እያሉ በረንዳ ላይ ወጥተው ቀርተዋል። ቀብር ላይ ቄሱ ሲጸልዩ ከሁሉ ቀድመው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ፤ ሐዘንተኞቹ ጸሎት እየመሰላቸው ያመሰግኗቸዋል።

ከስድስት ዓመት በፊት ምድር አጠገብ የምታልፍ አስትሮይድ የምትባል አንዲት የጠፈር ድንጋይ አገኙ። ሳምንት እንኳ አልታገሡም። የፕለም አረቄ ከፍተው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ በባለቤታቸው ስም «ኤርነስቲና» ብለው ክርስትና አስነሷት። የክርስትና አባቷ እኔ ሆንኩ።

ደንቡ ግን ሌላ ነው። ምሕዋሯ በደንብ ሳይታወቅ ቁጥር አይሰጣትም፤ ቁጥር ከሌላት ስም የላትም። ስሙም ቢሆን ለእንደሷ ዓይነቷ ከጥንት አፈ ታሪክ ነው የሚወጣው። እሳቸው ይህን ሲሰሙ ለአንድ ወር አኮረፉ።

ዘንድሮ ተመልሳ የምታልፍበት ጊዜ ደረሰ። አሁን ካልታየች ጠፍታ መቅረቷ ነው። በዚያው ሳምንት ደግሞ አጎት ቬንደሊን የዓይን ሞራ ተገፈፈላቸውና ቴሌስኮፑ ያለበትን ኮረብታ መውጣት ተከለከሉ።

«ዓይኔ ይደርሳል፣ እሷ ግን አትጠብቀኝም!» ብለው ከአልጋቸው ተነሱ።

«ቬንዶ፣ አርፈህ ተኛ!» አሉ ወይዘሮ ኤርነስቲና፣ የባላቸውን ጫማ ደብቀው። «ስሜን ለድንጋይ ሰጠህ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ዓይንህን ልትሰጣት ነው?»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ! የክርስትና ልጅህ መንገድ ላይ ሆና እዚህ ተገትረህ ትቀራለህ?»

ሳቄን ውጬ ወጣሁ። ኮረብታው ላይ ስደርስ ሰማዩ በደመና ጥርቅም ብሏል። መጀመሪያ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ተነሳሁ፣ ከዚያ ደመናውን በሚስቴ ፊት የማልደግመውን ስድብ ሰደብኩት። ስቀልድባቸው የኖርኩት ሰውዬ፣ ከደመና ጋር እንዲህ ስጣላ ቢያዩኝ ምን ይሉ ነበር?

በመጨረሻ በስተምሥራቅ ትንሽ ከፈት አለ። በተከታታይ ባነሳኋቸው ፎቶዎች ላይ ከዋክብቱ ባሉበት ቆመው አንዲት ነጥብ ፈቀቅ ፈቀቅ ትላለች። ወዲያው ደወልኩ።

«አጎት ቬንደሊን፣ አለች! መጥታለች!»



«አልከሳችም?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ድንጋይ እንደማይከሳ አውቃለሁ። ቢሆንም ወደ ፎቶው ጎንበስ ብዬ ደህና አድርጌ አየኋት።

«ኧረ ደህና ናት» አልኳቸው።