ስሜ ከሸምሱ በላይ ይውጣልኝ

ለምርጫ የሚለግስ ሰው ስሙ በአደባባይ ከተለጠፈ አፍሮ እጁን ይሰበስባል ብሎ ሕግ ያወጣ ሰው፣ በሕይወቱ አንድም ሠርግ ተጠርቶ አያውቅም! ቢጠራማ ኖሮ፣ ማይክ የያዘው ሰውዬ «ከአቶ እገሌ ይህን ያህል!» ባለ ቁጥር፣ ኪሱን ሲዳብስ የነበረው ጎረቤት እንዴት ከወንበሩ እንደሚነሳ ያይ ነበር። እናንተስ አላያችሁም? ...ተነስታችሁም ታውቃላችሁ፣ አትዋሹኝ!

እኔ ይህን የተማርኩት ለትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ፓርላማ ፕሬዚዳንትነት ስወዳደር ነው። (አዎ፣ እኔ! ምን ያስቃል?) ዓላማዬ አንድ ብቻ ነበር፤ የሴቶች ሽንት ቤት በር መቀርቀሪያ። የእኛ በር መቀርቀሪያ የለውም። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ከውጭ ትይዛለች። ከያዥዋ ጋር ከተጣላሽ አለቀልሽ! ያዥዋ ወሬ ከጀመረችም... በቃ፣ ተዪው። እኔ ፖለቲከኛ የሆንኩት፣ ይዛልኝ የነበረችው ጓደኛዬ ደወል ስትሰማ በሩን ትታ ወደ ፈተና የሮጠች ቀን ነው።

የሥነ ዜጋ መምህራችን ቲቸር ሰለሞን የምርጫ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነበሩ። «ትልልቆቹ ፓርቲዎች ገንዘብ ከየት እንዳገኙ ማሳወቅ አለባቸው። እናንተም ከአሁኑ ልመዱ» አሉና ሕግ አወጡ። ማን ምን እንደሰጠን በየጠዋቱ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። አንድ ሰው ከመቶ ብር በላይ የሚያወጣ ነገር መስጠት አይችልም። ካለፈ... ተወዳዳሪው ይሰረዛል!

«ቲቸር፣ በዓይነት የተሰጠስ?» አልኩ፤ ብልጥ ለመምሰል።

«በገበያ ዋጋ ይተመናል!»

ምነው ምላሴን በቆረጠው!

የሰፈራችን ባለሱቅ ጋሽ ሸምሱ ማርከርና ካርቶን ሰጡኝ። በሕጉ መሠረት ለጠፍኩ። ወሬው ግን መንገዱን ተሻግሮ ትይዩ ያለው ባለሱቅ፣ ጋሽ ታምራት ዘንድ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ሁለቱ ሻይ ይገባበዛሉ፤ ደንበኛ ግን አይገባበዙም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ታምራት በጣታቸው ጠሩኝ።

«አንቺ፣ የሸምሱ ስም ተለጠፈ አሉ?»

«አዎ ጋሼ፣ ሕግ ነው።»

«ሸምሱን ማወደስ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሕግ የሆነው?»

«ማወደስ አይደለም ጋሼ... እ... ማለቴ፣ ማጋለጥ ነው።»

«እንግዲያው እኔንም አጋልጪኝ!» ብለው አንድ እሽግ ብስኩት አሸከሙኝ። «ስሜ ግን ከሸምሱ በላይ ይውጣልኝ።»

በማግስቱ ጋሽ ሸምሱ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ብስኩት? እኔ እያለሁ ብስኩት?» ከረሜላ ጨመሩ። ሳምንቱ ሳይጋመስ ሰፈሩ በሙሉ «አጋልጪኝ!» እያለ ይከተለኝ ጀመር። ጸጉር ቤት ያላት ጎረቤታችን ሹሩባ በነጻ ሠራችኝ። ጎሚስታው የሚሰጠው ቢያጣ አሮጌ ጎማ እያንከባለለ መጣ። «ቆመሽ የምትናገሪበት» አለኝ። ቆምኩበት! ትንሽ ያወዛውዛል እንጂ መድረክ ነው።

ተፎካካሪዬ ናትናኤል ደግሞ «ከማንም ምንም አልተቀበልኩም» ብሎ ለጠፈ። ቲቸር ሰለሞን በሰልፍ ላይ አስጨበጨቡለት። ተማሪው ግን ከንፈሩን መጠጠ።

«ወይኔ ልጁን! ዘመድ የለውም እንዴ?»

«ጎረቤቶቹ ምን አይተውበት ነው?»

አንዲት ሆደ ቡቡ ልጅማ ምሳዋን ልታካፍለው ሞከረች። «ኧረ ሕግ ነው፣ አልቀበልም!» እያለ እሱ ሲሸሽ፣ እሷ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ግቢውን አዞረችው። በቃ፣ አሸነፍኩ አልኩ!

ሞኙ በሬ ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሳሩን አይቼ ገደቡን ረሳሁ። ድምፅ ልንሰጥ አንድ ቀን ሲቀረን፣ በጠዋቱ ሰልፍ ላይ፣ ጋሽ ታምራት በትምህርት ቤቱ በር ገቡ። ከሸጎሌ ገበያ መመለሳቸው ነው። ብቻቸውን ግን አይደሉም...

በግ! ያውም ሙክት!

«ቲቸር፣ ይቺን በስሜ ይለጥፉልኝማ» አሉ ገመዱን እያቀበሉ። «እስቲ ሸምሱ ይህን ሲበልጥ እናያለን።»

ቲቸር ሰለሞን መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ። በጉ አሁንም በግ ነው። «የገበያ ዋጋው ስንት ይሆናል?»

እኔ ከሰልፉ መሃል ቀንሱ፣ ቀንሱ እያልኩ በእጄ ምልክት ሰጠሁ። ጋሽ ታምራት አዩኝና... ከገዙበት ጨምረው ተናገሩ!

«ጋሼ፣ ኧረ ቀንሱ!» ጮህኩ።

«ምን ብዬ? ላቱን አታዪውም?» ብለው በጉን አዙረው ለሰልፈኛው በሙሉ አሳዩ።

«ተወዳዳሪዋ ስጦታውን ተቀብላለች?» አሉ ቲቸር።

«በጉን አላውቀውም!» አልኩ። በጉ ግን፣ ከዚያ ሁሉ ተማሪ መርጦ፣ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

ተሰረዝኩ። ናትናኤል ያለ ተፎካካሪ ተመረጠ፤ በጉም ወደ ሰፈር ተመለሰ። እኔ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

«መቀርቀሪያው ቀረ!»

«የምን መቀርቀሪያ?»

ለካ አልነገርኳቸውም! ሰፈሩ ያን ሁሉ ሲሰጠኝ፣ ለምን እንደምወዳደር አንድም ሰው አልጠየቀኝም፤ እኔም ስቀበልና ስለጥፍ ጊዜ አላገኘሁም። የበሩን ታሪክ ነገርኳቸው። ጋሽ ሸምሱ ከአምፖሎቹ ጀርባ እጃቸውን ሰደዱና አንድ የብረት መቀርቀሪያ ከነብሎኑ አውጥተው አቧራውን እፍ አሉበት። ዋጋው ከማርከሩና ከካርቶኑ ያንሳል!

«ለዚህ ነው ልጄ አገር ያመስሽው?» አሉኝ።

አሁን በራችን ይቆለፋል። ክቡር ፕሬዚዳንት ናትናኤል መርቀው ከፈቱት... ማለቴ፣ መርቀው ዘጉት። ሕግ ሕግ ነውና፣ ቲቸር ሰለሞን በሩ ላይ «መቀርቀሪያ፤ ከጋሽ ሸምሱ፣ ባለሱቅ» የሚል ወረቀት አስለጠፉ። ነገሩ በዚህ አለቀ ብዬ ነበር። ትናንት ግን ከክፍል ስወጣ ጋሽ ታምራት ሜትር ይዘው ጎንበስ ብለዋል፤ የወንዶቹን በር እየለኩ።