ቅዳሜ ዝግ የሆነው ተቋም

ምሁር ስለ ዝናብ ብታነሡለትም ዞሮ ዞሮ ወደ ትምህርቱ ይገባል። ለከተማችን ለሶዶ የደረሷት ምሁር ክቡር ዳይሬክተር ጋሽ አንጁሎ ናቸው።

እኔ በማጸዳው የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ አንዲት ክፍል ላይ «የአይሁድ ጥናት ተቋም» የሚል ታፔላ ሰቅለዋል። መንግሥት ሰውን ሁሉ አንድ ለአምስት ሲያደራጅ፣ ተቋሙ አንዱን እንጂ አምስቱን አላገኘም።

ለጥናት ወደ ሁምቦ ገጠር ወርደው ገበሬዎቹን «ከጠፋው የእስራኤል ነገድ ናችሁ?» ሲሉ ጠየቁ። የእርዳታ ምዝገባ መስሏቸው «አዎ፣ ነን» አሉ። የተቋሙ ትልቁ ግኝት ይኸው ነው።

በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ደግሞ የቅርጫ ድርሻቸውን እንደ አይሁድ ሕግ በጨው ቀብረው ደሙ እስኪወጣ አጠቡት። ዳጣ ይዞ ጥሬውን የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ዳጣውን አስቀመጠ። «ሥጋ የሚያጥብ ወላይታ ዛሬ አየሁ» አሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ዳልጮ።

«በተግባር ያልተጠና አልተጠናም» ይላሉ ጋሽ አንጁሎ። ስለዚህ ቅዳሜ እንደ አይሁድ ያርፋሉ፤ እሁድ አምልኮ ነው፤ ሰኞ ድካም ነው። ቅዳሜ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ግን ሻይ ያምራቸዋል።

«እህት አስካለች፣ ያ ምድጃ በራሱ ቢነድ የሚከፋው የለም።»

አነድላቸዋለሁ። ምን አደርጋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ኦሪት ሲያነቡ ፊታቸው ተለወጠ። ዕረፍቱ ለሠራተኛም ለአህያም መሆኑን ገና ማየታቸው ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ አንቺም ትቀመጫለሽ።»

«ግቢውስ?»

«ቆሻሻው የትም አይሄድም።»

ከአህያ ጋር መቆጠሬ ትንሽ ቆረቆረኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀዝቃዛ ውሃ እንጠጣለን፤ እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እሰማለሁ።

ኋላ መዘምራኑ ክፍሉን ለኪቦርዳቸው ፈለጉት። ተማሪ ከሌለ ይለቀቅ ተባለ። አቶ ዳልጮ ሊያዩ የመጡት በቅዳሜ ነው። ሰሌዳው ባዶ ነው። ጋሽ አንጁሎ ጠመኔውን አዩትና በሰንበት አልጽፍም ብለው አንገታቸውን ደፉ። መዘምራኑ ታፔላውን ሲያወርዱት ከወዲሁ ታየኝ።

«ተማሪው የታለ?» አሉ አቶ ዳልጮ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ? ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥሽው?»

«ያቋረጠ ነው የሚቀጥል፤ የጨረሰማ ምን ቀረው?»

«እስቲ ምን ተማርሽ?»

አሰብኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ተነሺ ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ተቀመጪ ያሉኝ ጋሽ አንጁሎ ብቻ ናቸው።

«መቀመጥ» አልኳቸው።

አቶ ዳልጮ ወንበር ሳቡና እሳቸውም ተቀመጡ። የኪቦርዱ ወሬ በዚያው ቀረ።

ጥቂት ቆይተው «ሻይ የለም እንዴ?» አሉ።

«ዛሬ እንኳ ምድጃው አይነድም» አልኳቸው፣ ሳልነሣ።