ውጅግራና ምንሽር ለአንድ ጎሽ

[ከጉደር ወንዝ በታች፣ ጭጋጋማ ማለዳ። የገበሬ ማህበሩ ሁለት ጥበቃዎች በቆሎውን ከጎሽ እንዲጠብቁ ተልከዋል። ኦቦ ጉደታ ውጅግራቸውን ይዘው ሾላ ዛፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወጣቱ ሌታ ምንሽር ይዞ ከታች ቆሟል። ሁለቱም አሁን ተኩሰዋል። በቆሎው ውስጥ አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ወድቋል።]

ሌታ፦ የጣልኩት እኔ ነኝ ኦቦ ጉደታ! ቀድሜ ተኩሻለሁ!

ጉደታ፦ በዚያች ቀጭን ጥይትህ? እሷ ለሚዳቋ ናት። ለጎሽ ካሊበር ያስፈልጋል፣ ካሊበር!

ሌታ፦ እሱን እንኳ አልሰጡኝም።

ጉደታ፦ ያ ዋቃዮ! ካሊበር ማለት የጥይቱ ውፍረት ነው። የእኔ ውጅግራ ዐሥራ አንድ ሚሊ ነው፤ ያንተ ምንሽር ስድስት ተኩል።

ሌታ፦ ሁለት ጊዜ ብተኩስ ዐሥራ ሦስት አይሆንም?

ጉደታ፦ ሁለት ድመት ቢደመር ነብር ይሆናል?

ሌታ፦ [ደንግጦ ዞር እያለ] ነብርም አለ እንዴ?

ጉደታ፦ ተወው! ሂድና ቁስሉን እይልኝ።

ሌታ፦ እርስዎ አይወርዱም?

ጉደታ፦ የወደቀ ጎሽ አይታመንም። ልምድ ያለው አዳኝ ከሩቅ ሆኖ ነው የሚመረምረው።

ሌታ፦ እኔስ?

ጉደታ፦ አንተማ ልምድ የለህም። ሂድ!

[ሌታ በቆሎውን እየገፋ ከኋላ በኩል ይጠጋል።]

ሌታ፦ ደርሻለሁ! ጭራ አለው።

ጉደታ፦ ጭራውን ማን ጠየቀህ? የጥይቱን ቀዳዳ ፈልግ!

ሌታ፦ አገኘሁት፣ ጎኑ ላይ። አንድ ብቻ ነው።

ጉደታ፦ አየህ፣ አንዳችን ስተናል። በል አውራ ጣትህን አስገባ።

ሌታ፦ የእኔን?

ጉደታ፦ የጎረቤትህን! አስገባ እንጂ!

ሌታ፦ ጠበበኝ... እ... ገባ!

ጉደታ፦ በቃ ውጅግራ ነው!

ሌታ፦ የእኔ ጣት ቀጭን ነው። ምንሽርም ሊሆን ይችላል። እኔም እንደ ገዳይ አናቴን ቅቤ መቀባት እፈልጋለሁ፤ አልለቅም!

ጉደታ፦ [ድምፃቸው ለስለስ ብሎ] ሌታ፣ እባክህ። እሑድ የልጄ የሲንቄ ሰርግ ነው። ያልገደለ ሰው እንደማይፎክር ታውቃለህ። አምና የወንድሜ ልጅ ሲዳር ገና አፌን ስከፍት፣ አማቾቹ "ምን ገድለህ ነው?" ብለው አስቀመጡኝ። ዕድሜ ልኬን ስለ ጠመንጃ አወራለሁ፣ ጥንቸል እንኳ ገድዬ አላውቅም። አፍሬ ነው የምኖረው።

[ሌታ ወደ ራስጌው ዞሮ ጎንበስ ይላል። የወደቀውን እንስሳ አንገት ይዳብሳል። ቀና ብሎ ወደ ዛፉ ያያል።]

ጉደታ፦ ምን አገኘህ?

ሌታ፦ ኦቦ ጉደታ... የእርስዎ ነው።

ጉደታ፦ እውነትህን ነው?

ሌታ፦ ሙሉ በሙሉ። እኔ የት አውቄበት! ሰዎች ተኩሱን ሰምተው እየመጡ ነው፤ ራስዎ ይንገሯቸው። ጮክ ብለው።

ጉደታ፦ [ቅርንጫፉ ላይ ቆመው] ገዳይ! ገዳይ ጉደታ! በውጅግራው የጣለ! የሌላ ሰው እጅ የለበትም!

ሌታ፦ የመጨረሻዋን ይድገሟት።

ጉደታ፦ የሌላ ሰው እጅ የለበትም! [እያለከለኩ] እሰይ! ማነው የሚመጣው?

ሌታ፦ የማህበሩ ሊቀመንበር፣ ጓድ ሙለታ።

ጉደታ፦ ቅቤ ይዟል?

ሌታ፦ ቀንበር ነው የያዘው። አንድ በሬ ይነዳል፤ ጥንዱ ጠፍቶበታል መሰለኝ።

ጉደታ፦ ታዲያ እዚህ ምን ይፈልጋል?

ሌታ፦ እኔ እንጃ። የእርስዎ ጎሽ ግን አንገቱን ቀንበር ልጦታል።

[ውጅግራው ከዛፉ ላይ ይወድቃል።]

ጉደታ፦ ሌታ... ሌታ የእኔ ወንድም... እስቲ ጣትህን እንደገና ሞክር። ትንሿን።

ሌታ፦ ጊዜ የለም ኦቦ። "ገዳዩ የታል?" እያሉ ነው፤ ዛፉን አሳይቻቸዋለሁ።