ብቻቸውን ክኒን የማይውጡት ጋሼ ቦጋለ

በየሰፈሩ ሳይጋብዝ ውሃ እንኳ የማይጎነጭ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሰው «እንብላ» የሚለው ለወጉ ነው፤ የተጋበዘውም «ብሉ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ይሄኛው ግን ወግ አያውቅም፤ ከልቡ ነው። እጅጌ ይዞ ይጎትታል፣ በር ይዘጋል፣ በሞቴ ይላል፤ እምቢ ያለውን ሰው እስከ ፋሲካ ድረስ ያኮርፋል።

የሰባተኛ ሰፈር ተረኛ ጋሼ ቦጋለ ዘውገ ነበሩ። ጎጃም ተወልደው መርካቶ ያረጁ ኮርቻ ሰፊ ናቸው፤ መኪናው በቅሎውን ከገበያ ሲያባርረው እሳቸውም ወስፏቸውን ሰቀሉ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በአንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ብቻቸውን ሲበሉ አየሁ የሚል ምስክር ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቤተ መንግሥት ባያውቀውም፣ ሰፈሩ «ፊታውራሪ እንብላ» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር አስናቀው ከእኚህ ፊታውራሪ ደጅ የደረሰው በመንግሥት ትእዛዝ ነው። ጤና ጣቢያው አዲስ ዘዴ አውጥቶ ነበር፦ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ከሚደክሙ፣ ድሬሰሩ ቦርሳውን አንግቶ በየቤታቸው ይዙር። ከመሳለሚያ እስከ ሰባተኛ ድረስ አሥራ ሰባት ቤት ደረሰው። በአሥራ ስድስቱ ቤት ሥራው ከአሥር ደቂቃ አያልፍም ነበር።

በአሥራ ሰባተኛው ቤት የጋሼ ቦጋለን የደም ግፊት ቢለካ ሁለት መቶ አሥር ሆኖ አገኘው። ሠላሳ ክኒን በትንሽ ቆርቆሮ አድርጎ ሰጣቸው። «በቀን አንድ፣ ጠዋት ጠዋት» አላቸው። በስድስተኛው ቀን ሲመለስ ቆርቆሮው ባዶውን ነው። አስናቀውን ላብ አጠመቀው።

«ጋሼ ቦጋለ! ሠላሳውንም ዋጡት?»

«ብቻዬን? ምን ቆርጦኝ!» ተቆጡ። «የመንግሥት መድኃኒት ቤቴ ገብቶ፣ ሰው እያየኝ ለብቻዬ ልውጥ? ምን ዓይነት ሰው አደረግኸኝ?»

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። ለቅመም ሻጭዋ ጎረቤታቸው ለእትዬ ሠርኬ አራት ሰጥተዋል፤ ጉልበታቸውን ይቆረጥማቸዋልና። ለቆብ ነጋዴው ለጋሼ ሽኩር አምስት፤ እሳቸው እንኳ ደህና ነኝ ብለው ነበር፣ ግን ቅር እንዳይላቸው። በደጅ ያለፉ ሁለት ኩሊዎች አንድ አንድ ደርሷቸዋል። የእድር ሰዎችም ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ተስተናግደዋል። እትዬ ሠርኬ ሁለት ቀን ከአልጋ አልተነሱም ነበር፤ አሁን መጥተው «እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተዳርኩ ወዲህ አይቼ አላውቅ፣ እጅህ ይባረክ» ብለው ድሬሰሩን መረቁት። ሁለት ክኒን ቢጨምሩ ኖሮ ከዚያ እንቅልፍ የሚቀሰቅሳቸው አልነበረም።

አስናቀው ከሰዓቱን ሁሉ ክኒን የተጋበዘውን ሰው ቤት ለቤት ሲያስስ ዋለ። ሁሉም በሕይወት አሉ። ጋሼ ሽኩርን ሲለካቸው ግን ደም ግፊታቸው ከጋባዣቸው የማይተናነስ ሆኖ ተገኘ። ደህና ነኝ ያሉት ሰው በስህተት ሲታከሙ ሰንብተዋል።

«ጋሼ ቦጋለ፣ መድኃኒት ምግብ አይደለም» አላቸው በማግሥቱ።

«ልክ ብለሃል» አሉት። ልክ ብለሃል ማለታቸው ግን እሺ ማለታቸው አልነበረም።

ስለዚህ አስናቀው ክኒኑን በየቀኑ ራሱ እያመጣ፣ ሲውጡ ቆሞ ሊያይ ወሰነ። ሽማግሌው ክኒኗን መዳፋቸው ላይ አኖሩና ግራ ቀኝ አዩ። ሌላ ሰው የለም። ከሁለት ሰበሯትና ግማሿን ወደ ድሬሰሩ አፍ ዘረጉ።

«እንካ በሞቴ!»

«ኧረ ጋሼ ቦጋለ፣ እኔ አላመመኝም!»

«ያላመመው ሰው አይጎርስም ያለህ ማነው? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል። በሞቴ! ስሞት!»

ሦስት ጊዜ በሞቴ ተብሎ ተዘግቶ የቆየ አፍ የለም። አስናቀው ዋጠ። የዚያን ቀን በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ሲመለስ ጭንቅላቱ እየዞረ፣ አጥር እየተደገፈ ሄደ። ይህን ለጤና ጣቢያው ሪፖርት አላደረገም።

ወሩን ሁሉ ግማሿ ክኒን ለሰው ስትሄድ ሰነበተች፤ በወሩ መጨረሻ የጤና ጣቢያው ሐኪም መዝገቡን አገላብጠው ሲያዩ የጋሼ ቦጋለ ቁጥር ፈቅ አላለም። «በሚቀጥለው ወር ካልወረደ ሆስፒታል ይተኛሉ። ቤት ውስጥ እንዲሞቱ አንተዋቸውም» አሉ።

አስናቀው ይህን ሲነግራቸው ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ እንብላ ማለቱን ረሱ። አንድ ወዳጃቸውን ሆስፒታል ጠይቀው ያውቃሉ። እዚያ እያንዳንዱ በሽተኛ የራሱን ሳህን ታቅፎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚበላው። ሊጠይቁ ገብተው እንብላ ያላቸው አንድ ሰው አልነበረም።

«ልጄ፣ እዚያስ አትውሰደኝ» አሉ። «እዚሁ ቤቴ ልሙት።»

አስናቀው ያን ቀን ምሳ አልበላም። ሲያስብ ዋለ። ሰባ ዓመት ሙሉ እንዲህ የኖረ ሰው በአንድ ድሬሰር ምክር አይለወጥም። ሰውየው ካልተለወጠ ማዕዱ ይለወጥ አለ። ከሰፈሩ የየራሳቸው መድኃኒት የታዘዘላቸውን አምስት አዛውንት መረጠ፤ አሁን ለግፊታቸው የታዘዘላቸው ጋሼ ሽኩርና ለጉልበታቸው የሚውጡት እትዬ ሠርኬ ከነዚያ ውስጥ ናቸው። «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጋሼ ቦጋለ ቤት ጠርተዋችኋል፤ ክኒናችሁን ይዛችሁ ኑ» አላቸው። ለጋሼ ቦጋለ ደግሞ «ይሄ ማኅበር ነው፤ እርስዎ ሙሴው፣ የማኅበሩ አለቃ ነዎት። ውሃው የእርስዎ፣ ክኒኑ የየራስ» ብሎ ቆርቆሮውን መልሶ ሞላላቸው።

ሙሴ መባሉ ሠራ። ጠዋት ጠዋት ስድስት አዛውንት መደብ ላይ ተደርድረው፣ የየራሳቸውን ክኒን ከክብሪት ቀፎ አውጥተው መዳፋቸው ላይ ያኖራሉ። ጋሼ ቦጋለ ውሃ ቀድተው ለሁሉም ያድላሉ፤ ከዚያ ቆመው «እንብላ!» ይላሉ። ስድስቱም እኩል ይውጣሉ። በራሳቸው ሥልጣን አንድ ሕግ ጨመሩ፦ አንድ ሰው ከጎደለ ማንም አይውጥም። አንድ ማክሰኞ እትዬ ሠርኬ ሲቀሩ አምስቱም ክኒናቸውን እንደጨበጡ ሴትየዋ ቤት ሄዱ፤ ትኩሳት ጥሏቸው አገኟቸው። አስናቀው ተጠርቶ በሰዓቱ ደረሰ።

ቀጠሮው ሲሞላ ሐኪሙ በራሳቸው መኪና መጡ። ግፊቱ ወረደ የሚለውን የድሬሰሩን ሪፖርት አላመኑትም። ማኅበርተኛው ሁሉ ተሰብስቧል። ሐኪሙ በርጩማ ላይ ተቀምጠው «ክንድዎን ይስጡኝ» አሉ።

«ከእንግዳ በፊት?» ጋሼ ቦጋለ ደነገጡ። «ነውር ነው ጌታዬ። መጀመሪያ የእርስዎ ይለካ።»

ሐኪሙ ሰዓታቸውን አዩ፣ ሳቁ፣ ኮታቸውን አወለቁ። አስናቀው ጠምጥሞ ነፋ፣ አዳመጠ። አላመነም፤ ደግሞ ነፋ።

«ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ ራሳቸው ደገሙት። ሁለት መቶ ነው። የአገሩን ሰው ሁሉ ሲለኩ የኖሩት ሰው ራሳቸውን ለክተው አያውቁም ነበር። ወደ ጋሼ ቦጋለ ክንድ ዞሩ። መቶ ሃምሳ። «ቤትዎ ይቆያሉ» አሉ።

ጋሼ ቦጋለ የራሳቸውን ምሥራች የሰሙት አይመስሉም ነበር። ዓይናቸው እንግዳው ላይ ነው። እጃቸው ወደ ቆርቆሮው ሄደ። ክዳኑን ከፈቱ። ሐኪሙ ፊት አንዲት ክኒን ብትሰጥ፣ ለአስናቀው ሁሉም ነገር አለቀ።

የጋሼ ቦጋለ እጅ እዚያው ቆመ። ከዚያ ክዳኑን መልሰው ገጠሙት። ሁለት ወር ሙሉ ይህችን ቀን ሲለምን የኖረው አስናቀው፣ ያ እጅ ባዶውን ሲመለስ ሲያይ፣ ምነው በሰጧቸው ሊል ምንም አልቀረውም።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ጋሼ ቦጋለ መሬት መሬት እያዩ። «ይሄ ለእኔ የታዘዘ ነው፤ ይጎዳዎታል። ነገ አንድ ሰዓት ላይ የራስዎን ይዘው ይምጡ። እርስዎ ሳይመጡ ማናችንም አንውጥም።»

ሐኪሙ ወደ ድሬሰሩ ዘወር አሉ። «ሰውየው የምራቸውን ነው?»

«የምራቸውን ነው፣ ዶክተር» አለ አስናቀው። «ባይመጡ ስድስት ሰው ይታመምብናል። ይምጡ።»