የመቀመጫ ጉዳዮች ሚኒስትር

የትም ትልቅ ከተማ ሂዱ፣ ሻንጣችሁን ከትከሻችሁ ሳታወርዱ የት እንደምትበሉና ምን እንደምትጎበኙ ወስኖ የጨረሰ ሰው ይጠብቃችኋል። አልጠየቃችሁትም፤ እሱም መጠየቅን አይጠብቅም። አንዱ በሾርባ ይምላል፣ ሌላው ስለ አንድ ሥዕል ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ሁሉም የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ እኔ ያልኩህን ካላየህ ከተማዋን አላየሃትም!

ለከተማዋ እንግዳ የሆነችውን ልጅ የገጠሟት ግን ከዚህ ወገን ሁሉ የተለዩ ሰው ነበሩ።

በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆና ከተቀጠረች ሰባት ወሯ ነው። የተከራየችው ክፍል ከአንድ ሶፋ ጠጋኝ ሱቅ በላይ ነው። ሶፋ ጠጋኙ ስድሳን ያለፉ፣ ከሱቁ ጀርባ ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩ፣ አፋቸው ውስጥ ዘወትር አራት አምስት ትንንሽ ምስማሮች የሚይዙ፣ በምስማሮቹ መሐል ደግሞ እንደ ልባቸው የሚያወሩ ሰው ናቸው። የከተማዋ ምግብ ቤቶች፣ ቲያትር ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት ወንበር ግማሹ በእጃቸው አልፏል። ከተማዋን የሚያውቋት ከመቀመጫዎቿ በታች ተንበርክከው ነው። በሰፈሩ የወጣላቸውም ስም “የመቀመጫ ጉዳዮች ሚኒስትር” ነው።

“ጋሼ፣ እዚያ ጥጉ ላይ ያለው ምግብ ቤት ምን ይሻላል?” አለቻቸው በመጣች ሰሞን።

“ከመስኮቱ ሦስተኛው ወንበር።”

“የሚበላ ማለቴ ነው።”

“እሱን አስተናጋጁን ጠይቂ። የበላሽውን ነገ ትረሺዋለሽ፤ ወገብሽን ካመመሽ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስታነሺኝ ትከርሚያለሽ። አደራ፣ አራተኛው ላይ እንዳትቀመጪ! ሞላው ተሰብሯል። ነግሬያቸው ነበር፣ አልሰማ አሉኝ።”

እየሳቀች ሄደች። ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እና ምን ሆነ! አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የማታው ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛውን እንደ ማር ቀባችው፤ መንገዱ፣ የአላፊ አግዳሚው ጥላ፣ ብስክሌት የምትገፋ አሮጊት፣ ሁሉም ለእሷ ብቻ የሚያልፍ ሰልፍ መሰለ። ሾርባዋ ከፊቷ እንደተቀመጠ ቀዘቀዘ፤ ልብ አላለችውም። ከዚያ ቀን በኋላ ክቡርነታቸውን ሳታማክር የትም አልተቀመጠች።

ክቡርነታቸውም ሥልጣናቸውን አያባክኑም። ተኳርፈው የመጡ አዲስ ተጋቢዎችን፣ ትከሻ ለትከሻ ካልተጣበቁ በቀር ሁለት ሰው የማይዝ ጠባብ ሶፋ ወዳለበት ኬክ ቤት ላኳቸው። “አፋቸው እስኪታረቅ ትከሻቸው ይታረቅ” አሉ። ካርታ ዘርግቶ የቆመ እንግዳ ካዩ መንገድ አቋርጠው ይሄዳሉ፤ ካርታውን ይቀበሉና ሐውልቶቹን ሁሉ ዘለው አግዳሚ ወንበሮቹን ብቻ በእርሳስ ይከብቡለታል። ሰውዬው “ታዲያ ምኑን ልጎበኝ?” ሲል “መጀመሪያ ቁጭ በል፣ የሚጎበኘው ራሱ ይመጣል” ይሉታል። ቲያትር ከሆነ ሰባተኛው ረድፍ፣ ዳር። መሐሉን ሌላ ሶፋ ጠጋኝ ነው የሠራው፤ የዚያን ሰው ስም ሲሰሙ ምስማራቸውን ሊውጡ ይደርሳሉ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ማለዳ የልጅቷ አባት መጡ።

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዱ ጡረተኛ ናቸው። ደረጃውን ወገባቸውን ይዘው ወጡና፣ ክፍሏን አንዴ ገርመም አድርገው፣ ገና ውኃ ሳይቀምሱ የመጡበትን ተናገሩ።

“እዚህ ሰው የለሽም፣ ልጄ። ብትታመሚ ማን ያውቃል? በር ዘግተሽ ብትወድቂ ማን ያንኳኳል? እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ነገ አብረን እንመለሳለን።”

ይህችን ከተማ ምን ያህል እንደወደደቻት ልጅቷ እንዴት ብላ ታስረዳ? አንድ ቀን ብቻ አላት፤ በአንድ ቀን ከተማዋን ለአባቷ ማስወደድ አለባት። ሻይ ልገዛ ብላ ወደ ታች ወደ ሶፋ ጠጋኙ ሱቅ ሮጠች።

“ጋሼ፣ አባቴ ሊወስደኝ መጣ! ዛሬ ብቻ ነው ያለኝ። የት ልውሰደው?”

ሚኒስትሩ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡ። ያለ ምስማር ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነበር፤ ነገሩ ምን ያህል እንደከበደ ያኔ ገባት።

“ወገባቸውን ነው የሚያማቸው? ሲወጡ ሰምቼያለሁ። ከላይ ነው ከታች?”

“ከታች።”

“ሹፌር ናቸው ብለሽኛል፤ በቀኝ በኩል ነው። ነዳጅ የሚረገጠው በቀኝ እግር ነው።” ከቁራጭ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ሁለት መስመር ጻፉላት። “ምሳ ወንዙ ዳር፣ ከፍ ያለ መደገፊያ ያለው ወንበር። ከዚያ ሙዚየም፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከትልቁ መስታወት አጠገብ ያለው ቀይ ወንበር። ራሴ ነኝ የሞላሁት፣ ሠርቼ ስጨርስ ግማሽ ሰዓት ተቀምጬበታለሁ። ደመና ነው! አደራ፣ ሌላ ቦታ እንዳያርፉ!”

ምሳው ሰመረ። አባቷ “የዚህ ወንበር ምኑ ነው እንዲህ የሚያስወራው” እያሉ ተቀመጡ። ከዚያ ትከሻቸው ወረደ። ከዚያ ሁለተኛ ሳህን ዓሣ አዘዙ። “ወንዙስ የት ነው የሚደርሰው?” ብለው ጠየቁ፤ መንገድ የሚጠይቅ ሹፌር ደግሞ መንፈሱ ደህና ነው።

ሙዚየሙ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከትልቁ መስታወት አጠገብ፣ ቀይ ወንበሩ ቆሟል። እጀታው የተቀረጸ፣ እግሩ ወርቅ የተቀባ። ዙሪያውን ከጉልበት ዝቅ ያለ ገመድ ተዘርግቶበታል።

“ገመዱ ምንድነው?” አሉ አባቷ።

“እንጃ፣ ለወረፋ ይሆናል።”

“ሰልፍ የለም አይደል?” ገመዱን ተሻግረው ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለቱን እጀታዎች እንደ መሪ ጨብጠው “ኧረ ይሄስ ወንበር ነው!” አሉ።

“አባባ! አባባ! ምን ነካዎት! ይነሱ!” ጥበቃዋ ከአዳራሹ ጫፍ እየሮጠች መጣች። “ቅርስ ነው እኮ! ሁለት መቶ ዓመቱ ነው! ማንም አይቀመጥበትም!”

“ታዲያ ለምን ተሠራ?” አሉ አባቷ፣ ሳይነሱ።

ሚኒስትሩ ወንበሩን ያደሱት ከአራት ዓመት በፊት፣ አዳራሹ ለጥገና ተዘግቶ፣ ገመድ ሳይኖር ነበር። ለእሳቸው ወንበር ወንበር ነው። የሙዚየሙ ኃላፊ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት፣ አባትና ልጅን ቢሮዋ አስቀምጣ ጥፋት የሚመዘገብበት ወረቀት አወጣች። ልጅቷ ለሚኒስትሩ ስልክ ደወለች። አባቷ ፊታቸው ከወንበሩ ብሶ ቀልቷል።

“ይኸው ከተማሽ! እንደ ሌባ ታስቀምጠናለች። ነገ በጠዋት፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ!”

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ተበረገደ። ክቡርነታቸው ናቸው፤ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ ከጫማቸው ክር እየተጎተተ፣ አራት መንገድ በሩጫ አቋርጠው። ትንፋሻቸው አልመጣ ብሎ በእጃቸው “ቆዩ” አሉ፤ ምስማሮቹን መዳፋቸው ላይ ተፉ።

“ጥፋቱ የኔ ነው፣ እመቤት! ወረቀቱ ላይ እኔን ይጻፉኝ። ልጅቷን አይንኩብኝ። ይቺ እኮ ጠዋት ስትወጣ የተኛሁ መስሏት በሩን ቀስ አድርጋ የምትዘጋ ልጅ ናት። ባለፈው ጉንፋን ሲይዛት ሳሏ በጣሪያው ይሰማኝ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ካሳለች ባለቤቴ ሾርባ ይዛ ትወጣለች፣ አራት ጊዜ ካሳለች እኔ ሐኪም ፍለጋ እሄዳለሁ። እና እኔ በማይረባ ምክሬ በአባቷ ፊት ላዋርዳት?” ሱቃቸውንስ? ሱቃቸውን ክፍቱን ጥለው ነው የመጡት።

አባቷ ሰውዬውን ከጫማቸው ክር እስከ ላብ ያራሰው ግንባራቸው ድረስ ቀስ ብለው አዩዋቸው።

ሚኒስትሩ ግን ሥራቸው ሥራ ነውና አልቻሉም። ወደ አባቷ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ “ለመሆኑ እንዴት ነበር?” አሉ።

“ትንሽ ወደ ቀኝ ይሰምጣል።”

“አውቄው ነበር! እመቤት፣ ሰሙ? ሰኞ ሞላውን አያለሁ፣ በነፃ!”

ኃላፊዋ ሳቋን ለመደበቅ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አወረደች፤ ወረቀቱንም ወደ መሳቢያው መለሰችው።

ሲወጡ ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ፊት ሄዱ። ልጅቷ ከኋላ ትሰማለች።

“እኔ ነገ እሄዳለሁ” አሉ አባቷ። “እሷ ትቆይ። ግን ሲያስላት ለኔም ይደውሉልኝ።”

“በስንተኛው ሳል?” አሉ ሚኒስትሩ፣ በሥራ ጉዳይ ቀልድ የማያውቁት።

“በመጀመሪያው።”

ልጅቷ ጉሮሮዋን ልትጠርግ አንዴ አሳለች። ሁለቱም እኩል ዞሩ።