መጀመሪያ ስልኩ፣ ከዚያ ራዕዩ

በአገራችን ራዕይ የሌለው ነገር የለም። ቢሮ ስትገቡ ግድግዳው ላይ ራዕይ አለ፣ ከሥሩ ተልዕኮ፣ ከተልዕኮው ሥር እሴቶች፤ ባለጉዳዩ ሦስቱንም አንብቦ ሲጨርስ የሚፈልገው ሰው ስብሰባ ገብቷል። ያለ ራዕይ ሲሠራ ያየሁት እዚህ አሰላ፣ ሰፈሬ ያለውን ጎሚስታ ብቻ ነው። አሮጌ ጎማ በሩ ላይ ሰቅሏል። ጎማ የፈነዳበት ሁሉ ያገኘዋል።

እኔ የድረ ገጽ ጽሑፍ እጽፋለሁ። "ይሄም ሥራ ሆነ?" እንዳትሉኝ፤ ሥራ ነው፣ ያውም ደስ የሚል ሥራ! ሰው ስልኩን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ታዳምጣላችሁ፤ በዚያው በራሱ ቃል፣ ባጭሩ ትመልሱለታላችሁ። በቃ። "የተቀናጀ የሕፃናት ጤና አገልግሎት" ብላ የምትፈልግ እናት እስካሁን አላጋጠመችኝም። የከተማዋን ስም ጨምራ "የልጅ ሐኪም ሁሩታ" ነው የምትለው።

ይህን የተማርኩት ኮሌጅ አይደለም። አምና ልጄ ሶስና ታመመች። ዓመት ከመንፈቋ ነበር። ስልኬ ላይ አንድ ክሊኒክ አገኘሁና ራዕያቸውን እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ስልክ ቁጥራቸውን ግን አጣሁት። ተሸክሜያት ሄድኩ፤ ዝግ ነበር። ሌላ ፍለጋ ስንዞር ቀኑ ሄደ። ቀድማ ብትደርስም ላትተርፍ ትችል ነበር አሉኝ ሐኪሞቹ። ይሆናል። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በቅርቡ ሁሩታ ላይ ትንሽ ክሊኒክ ያላቸው ጋሽ ደበሌ ጠሩኝ። ጡረታ የወጡ የጤና መኮንን ናቸው። ድረ ገጻቸውን ራሳቸው ጽፈውታል፤ በእሱ በኩል የደወለ ሰው ግን የለም። ከፈትኩት። ራዕይ!

"ጋሼ፣ ይሄ ወደ ታች ይውረድና ስልኩና የሥራ ሰዓቱ ይቅደም።"

"አንተ ልጅ፣ ራዕይ የሌለው ክሊኒክ ኪዮስክ ነው! ሰው ምን ይለኛል?"

ክርክር አልወድም። ስልኬን ሰጠኋቸው። "ልጅዎን ትኩሳት ይዟታል እንበል። ይደውሉ።"

መነጽራቸውን አጠለቁ። በጣታቸው ገፉ። ራዕዩ አለፈ፣ ተልዕኮው አለፈ፣ የምረቃ ፎቷቸው አለፈ። እሴቶቹ ላይ ሲደርሱ ላብ አላባቸው።

"ቆይ... ራሴ ነኝ እኮ የጻፍኩት። የት ነው ያደረግሁት?"

"እኔ እንጃ ጋሼ። ልጅቷ ግን እየጠበቀች ነው።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ለካ የሶስናን ነገር ሰው ነግሯቸው ኖሯል። "አውርደው" አሉ ቀስ ብለው። "እንዳታጠፋው ግን።"

አወረድኩት። አናቱ ላይ "ልጅዎ ታሟል? ሁሩታ፣ እህል ገበያው አጠገብ ነን። እሑድም ክፍት ነው። አሁኑኑ ይደውሉ" ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩን አገዘፍኩት፤ ከሥሩ ያንኑ በኦሮምኛ ደገምኩት።

በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ፣ እዚያው ነበርኩ። ከዲክሲስ አንድ አባት ጠዋት ደውሎ፣ ጋሽ ደበሌም "አንድ ሰዓት አታባክን፣ አምጣት" ብለውት ልጁን ይዞ መጥቷል። ከሰዓት በኋላ ትኩሳቷ በርዶላት አቅፏት እኛ ወደቆምንበት በረንዳ ወጣ።

ጋሽ ደበሌ ደረታቸውን ነፉ። "ድረ ገጻችንን እንዴት አየኸው?"

"የምን ድረ ገጽ ጋሼ? እኔ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው ያየሁት።"

እሳቸው ቅር አላቸው። እኔ ጮቤ ልረግጥ ምንም አልቀረኝም! ልጅቷ ባባቷ ትከሻ ላይ ሆና እስክሪብቶዬን ከኪሴ መዘዘች። አባቷ ሊቀማት ሲል እጁን ያዝኩት።