በሁለት መስመር የሄደችው ባለቤቴ

ትናንት ምሳ በልቼ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደኝና ሕልም አየሁ። ከግቢያችን በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰልፍ ተሠርቷል። የተሰለፉት ኢንተርኔት የሚያስገቡ ድርጅቶች ሠራተኞች ናቸው። ሁሉም መታወቂያቸውን ከነፎቶ ኮፒው ይዘዋል። እኔ ደግሞ በሳሎኑ መስኮት በኩል ተቀምጬ አስተናግዳቸዋለሁ።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ደንበኛችን ይሁኑልን» አለኝ ከፊት የቆመው፣ ክራባት ያሰረ ሰውዬ። «ከጠዋት ጀምሬ ነው የቆምኩት።»

«ሲስተም የለም» አልኩት።

«መቼ ይመጣል?»

«ነገ ይሞክሩ።»

አንገቱን ደፍቶ ሄደ። አሳዘነኝ፤ ትንሽ ደስም አለኝ።

ይህ ሕልም ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ባለቤቴ ትርንጎ አዋላጅ ነርስ ናት። ትሠራበት የነበረው ክሊኒክ ከተዘጋ ስምንት ወር ሆኖታል። ባለፈው ወር አንድ ሆስፒታል በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ሲያደርግላት ኢንተርኔታችን መሃል ላይ ተቋረጠ፤ ሰዎቹም መልሰው አልደወሉላት። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ከአንድ የጤና ኮሌጅ ጋር ቀጠሮ ነበራት። ያው ነገር እንዳይደገም ብዬ፣ በገመድ ከሚገባው መስመር ሌላ በሲም ካርድ የሚሠራ ሁለተኛ መስመር አመጣሁና ሁለቱን ከቤቱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘኋቸው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይረከባል ብዬ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ኮምፒውተሩ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት በር የቱ እንደሆነ ጠፍቶበት ጭራሽ ፈዞ ቀረ። ሳጠፋ፣ ሳበራ፣ የመስመሮቹን የአድራሻ ቁጥር ስቀይር ውዬ ደከመኝና ተጋደምኩ።

በሕልሜ ሁለቱ መስመሮች እንደ ሰው ሆነው ቤት ገቡ። የገመዱ መስመር ሽማግሌ ናቸው፤ ወገባቸው ላይ የታሰረው ገመድ እስከ መንገዱ ምሰሶ ድረስ ይጎተታል። የሲም ካርዷ ወጣት ሴት ናት፤ በመስኮት ዘላ ነው የገባችው።

«ማን ልበል?» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«በር እባላለሁ።»

«አንቺስ?»

«በር።»

«ሁለታችሁም በር ከሆናችሁ የቤቱ ሰው በማን ይወጣል?»

«በእኔ» አሉ ሁለቱም እኩል።

ቴሌቪዥኑ ተነሥቶ ከሽማግሌው ጎን ቆመ። ስልኮቹ ወደ ወጣቷ ሄዱ። ፍሪጁ «እኔን አያገባኝም» ብሎ በሩን ዘጋ።

ወዲያው ግድግዳው ተከፈተና የኮሌጁ ሦስት ጠያቂዎች ታዩ። የተቀመጡት በሕፃናት ወንበር ላይ ነው። ትርንጎ ኮቷን ለብሳ መጠየቅ ጀመረች።

«እስካሁን ስንት ሕፃን አዋልዳችኋል?»

«አንድም» አሉ አቀርቅረው።

«እንግዲያው ወደ እናንተ መጥቼ ላሳያችሁ» ብላ ስትነሣ ሽማግሌው ቀኝ እጇን ያዙ፣ ወጣቷ ግራዋን። «በእኔ በኩል ትሂድ» እየተባባሉ ሲጎትቷት መልኳ በገመዱ ሄደ፤ ድምፅዋ በመስኮት ወጣ።

ሮጬ ወጣሁ። ድምፅዋ ጎረቤታችን ጣሪያ ላይ አርፎ «አይዞሽ፣ በርቺ፣ ግፊ» ይላል። የውሃ ሮቶው እያማጠ ነበር። ሦስት ጄሪካን ወለደ፤ ሦስቱም ጤነኞች ናቸው። ተመልሼ ስገባ መልኳ ጠያቂዎቹ ፊት ቆሟል። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አይሰማም፤ እንባዋ ይወርዳል።

«ድምፁን ቀጥረነዋል» አሉ ሰብሳቢው። «መልኩ ግን ነገ ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዞ ይመለስ።»

«አንድ ሰው እኮ ናት» አልኳቸው። አልሰሙኝም። ሽማግሌው እግር ላይ ወደቅሁ። «አባባ፣ ስምዎን ይቀይሩልኝ።»

«በስተርጅና?» አሉ።

ወጣቷ ክንዴን ይዛ አነሣችኝ። ከዚያ «እኔ ሌላ ስም አወጣለሁ» አለች። «መስኮቱ ጋ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ እሳቸው ሲደክማቸው እረከባለሁ።» ይህን እንዳለች የትርንጎ ድምፅ ከጣሪያው ወርዶ ወደ መልኳ ሲመጣ ሰማሁት። «ምንተስኖት» ብሎ ጠራኝ። «ምንተስኖት፣ ተነሥ።»

ነቃሁ። አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። በሁለቱም ሳጥኖች ላይ አንድ መብራት እንኳ አይታይም።

«ሁለቱም ጠፉ?» አልኳት።

«መብራት ሄዷል። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ።»

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«ተነሥተህ ምን ልታደርግ?» አለችና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከላይ ኮት፣ ከታች የቤት ቀሚስ ለብሳለች። «በተራ ስልክ ደወሉልኝ። እነሱም ጋ መብራት የለም። ሴትየዋ ያናገረችኝ መኪናዋ ውስጥ ሆና ነው።»

«ምን ጠየቀችሽ?»

«መብራት በሌለበት ማዋለድ ትችያለሽ ወይ አለችኝ። ስልኬን በጥርሴ ነክሼ፣ በባትሪው ብርሃን መንታ ያዋለድኩበትን ቀን ነገርኳት።»

«እና?»

«ሰኞ ጀምሪ አለችኝ። በል ጠጋ በል» አለችና ኮቷን ሳታወልቅ አጠገቤ ጋደም አለች።